የጋሽ ቆርኪ አጥር

እንኳን አደረሳችሁ! ከጅማ ነው የምጽፈው። ጳጉሜን ገብቶም ዝናቡ አልለቀቀንም፤ ቄጤማውም አደዩም ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው ገበያ የሚደርሰው። የዘንድሮው መልእክቴ ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ሰሞኑን መሳቢያ ሳጸዳ አንድ የእንቁጣጣሽ ሥዕል አገኘሁ። ካቻምና አንድ የሰፈር ልጅ በር አንኳኩቶ የሰጠኝ ነው። መልአክ ነው። አንዱ ክንፍ ከሌላው ይበልጣል፣ ጉንጩን በቀይ እስክሪብቶ ሲፈትገው ወረቀቱ ተቀዷል፣ እግሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ቦታ አልቆበት ጫማውን ወደ ጎን አጥፎታል። ጫማው ሸራ ነው፣ ከነማሰሪያው። መልአክ በሸራ ጫማ! የራሱን ጫማ እያየ ይመስለኛል የሣለው።

ሥዕሉን ሳይ ጋሽ ቆርኪ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሆነን ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። የጭቃ አጥራቸውን ሲሚንቶ ይለስኑና ሳይደርቅ ቆርኪ ይሰኩበታል። የቢራ፣ የለስላሳ፣ ያገኙትን ሁሉ። ከመሃል ከመሃል የሲኒ ስባሪ። ጅማ ላይ መቼም ሲኒ ሲሰበር ነው የሚውለው፤ እናቶቻችን እያጠራቀሙ በእኛ ይልኩላቸው ነበር። አንድ ቀን ያመጣሁትን ስባሪ አገላብጠው አዩና «ይቺ ለጀበናዋ ጡት ትሆናለች» አሉኝ። ለካ ጀበና ነው የሚሠሩት! ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ ዝንጉርጉር የሚመስለኝ፣ ሰው የሚያክል ጀበና ኖሯል። ሰፈሩ «ነካ አድርጓቸዋል» ይል ነበር፤ ስባሪ መላኩን ግን አላቆመም።

እንዲህ ዓይነት ሰው ሌላም አገር አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ፈርዲናንድ ሸቫል የሚባል ፖስተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879፣ እኛ ጋ አባ ጅፋር ሥልጣን በያዙ በዓመቱ መሆኑ ነው፣ ደብዳቤ ሲያድል ድንጋይ አደናቀፈው። ቅርጿ ደስ ስላለው ኪሱ ከተታት። በማግስቱ ሌላ ጨመረ። ኪሱ ሲያንሰው ቅርጫት፣ ቅርጫቱ ሲያንሰው የእጅ ጋሪ ይዞ መጣ፤ ቀን ደብዳቤውን ሲያድል እየዋለ ማታ በኩራዝ እየሠራ 33 ዓመት ፈጅቶ ብቻውን ቤተ መንግሥት ገነባ። ጎረቤት እንደ እብድ ነበር የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ1969 መንግሥት ቅርስ ብሎ መዘገበው።

ምሁራኑ ይህን አውትሳይደር አርት ይሉታል፤ ትምህርት ቤት ያላስተማረው፣ ጋለሪ ያልጠራው ሰው ጥበብ ማለት ነው። ዣን ዱቡፌ የሚባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊ ደግሞ «ጥሬ ጥበብ» ብሎታል። እኛ ጅማዎች ጥሬ ስንባል ቡና ስለሚመጣብን ቃሉ ተመችቶኛል፤ ሳይቆላ፣ ሳይወቀጥ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። እኔም ሰው እንዲህ የሚደክመው ለዚያ ይመስለኝ ነበር። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ሆነ ባጃጅ ኋላ ላይ የተጻፈ የልጅ ስም ያው «ነበርኩ» ማለት ነው ብዬ። ሳይመን ሮዲያ ግን ሐሳቤን አፈረሰብኝ። ጣሊያናዊ ስደተኛ ነው፣ የግንባታ ሠራተኛ። ሎስ አንጀለስ ጓሮው ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ በብረት፣ በሲሚንቶ፣ በሳህን ስባሪና በጠርሙስ ማማ ሠራ፤ ረጅሙ 30 ሜትር ገደማ ነው። ከ33 ዓመት በኋላ ጨረሰና ምን አደረገ? ቦታውን ለጎረቤት ሰጥቶ ከተማውን ለቆ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1959 ማዘጋጃ ቤቱ አደገኛ ነው፣ ይፍረስ ብሎ በማሽን ሲያስጎትተው ማሽኑ ጎበጠ፣ ማማው ቆመ። ሮዲያ ግን እዚያ አልነበረም።

ለስም የሠራ ሰው እንዲህ ጥሎ ይሄዳል? እኔ እንጃ። እጅ ዝም ማለት እምቢ ሲለው ይመስለኛል።

ጋሽ ቆርኪም አጥሩ ላይ ስማቸውን አልጻፉም። እውነተኛ ስማቸውን እንኳ የሰማሁት ለቅሶ ላይ ነው። በኋላ ልጆቻቸው አጥሩን በብሎኬት ቀየሩት። አልፈርድባቸውም፣ አጋድሎ ነበር። ግን ሲፈርስ በዚያ በኩል አልፌያለሁ፤ ቸኩዬ ነበር መሰለኝ አንዲት ስባሪ ኪሴ አልከተትኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሸራ ጫማ ያደረገውን መልአክ ግን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ልጁ ዘንድሮ አድጎ ይሆናል፣ ምናልባትም ታናሹን ነው የሚልከው። ለማንኛውም ዝርዝር ብር አዘጋጅቻለሁ። እናንተም በሩ ሲንኳኳ «ቅድም ተቀብለናል» እያላችሁ እንዳትመልሷቸው፤ ተቀብላችሁ ደግሞ ጫማውን እዩልኝ።

መልካም አዲስ ዓመት!