ወተቱ በየትኛው ታሪፍ ይግባ?

ሌሊቱን ሙቀቱ አላስተኛኝም። ፍራሼን በረንዳ ላይ አውጥቼ ንጋቱን ስጠባበቅ ሆዴን ባር ባር ይለው ስለ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ይህን ደብተር የገለጥኩት ስለዚያ ስሜት ልጽፍ አስቤ ነው። እኅቴ የላከችልንን ካርቶን ያመጣው እንግዳ ነገ ይመለሳል፤ እማዬም ለእርሷ የምትልከውን ድርቆሽ ትናንት ጠዋት ሰፌድ ላይ አስጥታው ነበርና፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ሳይመሽ አድርቃ አስረክባታለች። የከፋኝ ከዚሁ ጋር በተያያዘ ይመስለኛል።

ሆኖም የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ፣ የወንድሜ ልጅ ከካርቶኑ የወጣውን ኮርንፍሌክስ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ሞልታ፣ ወተት አፍስሳበት፣ አጠገቤ ተቀመጠችና «አንተ፣ ወተቱ ወጡ ነው አይደል?» ስትል ጠየቀችኝ። (የስድስት ዓመት ልጅ አጎቷን «አንተ» ማለቷ ለመሀል አገር ሰው ይከብደው ይሆናል፤ እኛ ድሬዎች ግን አንቱታን ለፍርድ ቤት ያስቀመጥን ሰዎች ነን።) ማስረጃዋም አጭር ነበር፦ እንጀራ ብቻውን አይወርድም፣ ወጥ ይፈልጋል፤ ኮርንፍሌክስም ብቻውን ያንቃል፣ ወተት ይፈልጋል።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሾርባ ነው አለች። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያለ፣ ጠጣር ነገር የሚንሳፈፍበት፣ በማንኪያ የሚቀዳ ፈሳሽ ከሾርባ በቀር ምን ሊባል ይችላል ባይ ናት። ወተቱን ያመጣችልን ሶማሊ ጎረቤታችን በበኩሏ ሁለቱንም አልተቀበለችም፤ እነርሱ ቤት ጠዋት ጠዋት ላሆህ በሚሉት ስስ እንጀራቸው ላይ ሻይ እየፈሰሰ ይበላል፣ ነገር ግን ሻዩን ወጥም ሾርባም ያለው ሰው እስካሁን አልተሰማም፣ ሻይ የትም ቢፈስ ሻይ ነው አለች። ወተቱ የግመል ነው። ዕቃው በጭስ የታጠነ ስለሆነ ኮርንፍሌክሱ ጭስ ጭስ ይላል፤ ልጅቱ ወዳዋለች፣ እኔም አንድ ማንኪያ ቀምሼ ሁለተኛ ደገምኩ።

በትራንዚተርነት፣ ማለትም የሰው ዕቃ ከጉምሩክ በማስወጣት፣ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሣቅ ሊያልፈው አይችልም። የምበላው እንጀራ የዕቃን ስም ከታሪፍ ቁጥር ጋር በማገናኘት የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሚሠራበትና ብራስልስ ያለው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት በሚያስተዳድረው የዕቃዎች አመዳደብ መሠረት፣ ዱቄት ያልሆነና ስኳር ያልገባበት ወተት 04.01 ነው፤ የላምም ይሁን የግመል አይለይም። ኮርንፍሌክስ 19.04 ላይ በስሙ ተጠቅሷል። ሶስ 21.03፣ ሾርባና መረቅ ደግሞ 21.04 ናቸው። ሁሉም ለየብቻ ሲመጡ ጸጥ ያሉ ዕቃዎች ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው አንድ ሳህን ውስጥ ሲገናኙ ነው።

ተደባልቆ ለመጣ ዕቃ የዚሁ አመዳደብ ደንብ 3 አለ፤ ድብልቁን የሚመድበው መሠረታዊ ባሕርይውን በሰጠው ክፍል ነው። ታዲያ ባሕርዩን የሰጠው ማን ነው? በክብደት ከሄድን፣ ካርቶኑ ላይ ለአንድ ሰው የተጻፈው 30 ግራም ኮርንፍሌክስ ከ125 ሚሊ ሊትር ወተት ጋር ስለሆነ፣ ወተቱ ከአራት እጥፍ በላይ ይመዝናልና ሳህኑ የወተት ነው። ነገር ግን ልጅቱን ምን በላሽ ብትሏት ወተት አትልም። ደንቡ ባሕርዩ ካልለየ ከሚወዳደሩት ቁጥሮች የመጨረሻው ይወስደዋል ይላል፤ በዚህ ስሌት 19.04 ያሸንፋል፤ ይህ ዓይነቱ ፍርድ ግን ዕጣ ከማውጣት ብዙም የሚሻል አይደለም።

ስለዚህ ታሪፉን ትቼ ወደ ቋንቋችን ዞርኩ፤ አማርኛ ከብራስልስ የፈጠነ ፈታሽ አለውና። ገንፎ ይበላል፣ ሙቅ ይጠጣል፤ ሁለቱም ዱቄትና ውኃ ናቸው፤ ልዩነታቸው ውፍረት ብቻ ነው። ሾርባም በማንኪያ እየተቀዳ ይጠጣል እንጂ አይበላም። ኮርንፍሌክስ በወተት ግን «ጠጣሁ» ብሎ የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ የባለቤቴ ሾርባ በግሱ ወድቋል ብዬ ደመደምኩ። ይህንን ለእርሷ ለመንገር ወደ ጓዳ ስነሣ፣ ልጅቱ የቀረውን ወተት ሳህኑን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ግጥም አደረገችው። ወተቱ ቢጫማ ሆኗል፣ ጣፍጧል፣ ታቹ ላይ ፍርፋሪ ዘቅጧል። ከውስጡ ካለው ነገር ጣዕም የወሰደ ፈሳሽ ደግሞ መረቅ ይባላል። ሲጀመር ወጥ የነበረው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ 21.04 ተሻገረ ማለት ነው። በሙያችን ዕቃ የሚመደበው በቀረበበት ጊዜ ባለው ሁኔታ ነው፤ ይህ ሳህን የቀረበው መቼ ነው እንበል? ማንኪያው ሲገባ ነው ወይስ ሲወጣ?

ነገሩ ከመነሻውም ግራ ያጋባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ጄምስ ጃክሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ግራኑላ የሚል ስም የሰጠውን የቁርስ እህል ሲሠራ፣ እህሉ ከመጠንከሩ የተነሣ ሌሊቱን ወተት ውስጥ ካልተነከረ አይታኘክም ነበር። ያን ጊዜ ወተቱ ባቄላ እንደሚዘፈዘፍበት ውኃ ነው፤ ወጥም መጠጥም አልነበረም። ኋላ የኬሎግ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1894 የተቀቀለና ውሎ ያደረ ስንዴ በማሽን ሲዳምጡ ስስ ቅርፊት ሆኖ ወጣላቸው፤ ታናሽየውም በ1906 የበቆሎውን ለገበያ የሚያቀርብ ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ወተቱ እህሉን የሚያድን ሳይሆን የሚያበላሽ ሆነ፤ ልጆች የሚበሉት ሳይርስ ለመቅደም እየተሽቀዳደሙ ነው። አንዱ ወተት ትናንት ማራሻ፣ ዛሬ ጠላት።

እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ ሁሉንም አቤቱታ አቀረብንላት። ነጠላዋን ሳታወርድ ወደ ሳህኑ አየት አደረገችና «ይኼማ ድርቆሽ ነው፤ ደርቆ ይመጣል፣ ይርሳል፣ ይበላል፤ ምኑ ያከራክራል?» አለች። ድርቆሽ 19.05 ነው፣ ከዳቦና ከብስኩት ጋር ነው የሚውለው ብዬ ላስረዳት ስሞክር አቋረጠችኝ። «እኔ የማውቀው ሁለት ምድብ ነው፤ የጾምና የፍስክ» አለች። በእርሷ ሕግ ክብደትም ባሕርይም አይጠየቅም፤ ጠብታ ወተት የነካው ሳህን በሙሉ ፍስክ ነው፣ አለቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያገላበጥኩት የታሪፍ መጽሐፍ እንዲህ ያለ የጠራ ደንብ የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ግን እኔ ሥራ አልነበረኝም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ልጅቱ እንደገና መጣች። በዚህ ጊዜ የያዘችው የወተት ብርጭቆ ነው፤ ወተቱን አስቀድማ ሞልታ አሥር የማይሞሉ ፍሌክሶች ከላይ በትናበታለች፣ ማንኪያ የለም። ዓይኔን አየችና «አሁንስ?» አለችኝ። እሑድ ዲክላራሲዮን አይስተናገድም፣ ሰኞ ተመለሺ አልኳት።