ሌባው በሌሊት ገባ፣ ካሜራዬ ጠዋት ነው አለ

የጥበቃ ካሜራ ስገዛ ስለ ሜጋፒክስል ጠየቅኩ። ስለ ዋጋ ተከራከርኩ። ስለ ሰዓቱ ግን አንድም ቃል አልጠየቅኩም። የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ከጣና ብዙም አይርቅም። ግቢው ውስጥ ባጃጄ ያድራል፤ ሁለት ተከራዮችም አሉኝ። አራት ካሜራ፣ የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳ አንድ ዲቪአርና 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። የሚገጥመው ልጅ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ገመዱን ዘረጋ፣ ግድግዳውን በሳ፣ ስልኬ ላይ አፑን ጫነልኝ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። የይለፍ ቃሉን እኔው ቀየርኩ። ፊት ለፊት ያሉት እትዬ አንዱን ካሜራ አይተው «ማን ገባ ማን ወጣ እያልክ ልትቆጥርብኝ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወደ ግቢዬ አዞርኩት።

ሐይቅ ዳር ለምትኖሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካሜራው በጨለማ የሚያይበት የኢንፍራሬድ መብራት ትንኙን ሁሉ ይጠራዋል። ትንኙን ተከትሎ ሸረሪት ይመጣል። ሸረሪቱ ሌንሱ ፊት ድሩን ሲያደራ፣ ሌሊት ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነጭ አንሶላ ነው። እኔ የካሜራውን መብራት አጥፍቼ ራቅ አድርጌ ተራ አምፖል ሰቀልኩ። መጥረጊያም አለኝ።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ።

አንድ ሌሊት ውሻው ጮኸ። ባለቤቴ ስልኳን አየች፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። «ተነስ እስኪ» አለችኝ። «ጅብ ሸቶት ነው» ብዬ ተገላበጥኩ። ጠዋት ስወጣ የባጃጁ ባትሪና ትርፍ ጎማ የሉም።

እውነቱን ለመናገር ከመናደዴ በፊት ደስ አለኝ። «አሁን አገኘሁህ!» አልኩ። ከሌሊቱ 8 ማለት በፈረንጅ 2 ሰዓት ነው። ዲቪአሩን 02:00 ላይ ከፈትኩት። ግቢው ጭር ብሏል። 02:20 ላይ በሩ ተከፈተ። አንደኛው ተከራዬ ገባ፣ ባጃጁ አጠገብ ቆም አለ፣ ስልኩን አየ፣ ወደ ክፍሉ አለፈ። በዚያ ሌሊት ከየት ነው የሚመጣው? ከዚያ ወዲያ ማየት አላስፈለገኝም።

ጠርቼ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ 3 ሰዓት ከሃያ ላይ ገብቼ ተኛሁ» አለኝ። ስክሪኑን አሳየሁት። ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ጥፋት ቆጠርኩበት። ሦስት ቀን ሙሉ ሰላምታ ነፈግኩት።

በአራተኛው ቀን ባለቤቴ «እስኪ ልየው» ብላ እኔ ካቆምኩበት ቀጠለች። 02:50 ላይ ጀሪካን የያዘች ሴት ወደ ቧንቧው ትሄዳለች። «ይቺ እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለች። «ውሃ መጥታ ስሞላ ነው። ገና 4 ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።»

ሮጬ የቀጥታውን ምስል አየሁ። ስልኬ 16:40 ይላል። ዲቪአሩ 21:40። አምስት ሰዓት ሙሉ! ዕቃው በቻይና ሰዓት እንደመጣ ነው የተገጠመልኝ። ይህን ቁጥር በየቀኑ አይቼዋለሁ። የፈረንጅ ሰዓት ነው ብዬ ነው የማልፈው። እኛ ስድስት ሰዓት መቀነስና መደመር ስለለመድን፣ አምስት ሰዓት ስህተት ቢገባበት ማን ልብ ይለዋል?

07:00 ላይ ከፈትኩት። አንድ ጋቢ የተከናነበ ሰው አጥሩን ዘሎ ገባ። ጨለማ ነው፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

እዚህ ላይ ሌላ ሞኝነት ሠራሁ። አፍሬ ሰዓቱን ወዲያው አስተካከልኩት። ቪዲዮዋን በፍላሽ ገልብጬ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው አየና «ያመለከቱት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብለው ነው፤ ይሄ ጠዋት 1 ሰዓት ይላል» አለኝ። ጨለማውን አሳየሁት። በአፑ የቀጥታውን አሳዩኝ አለ፤ አሳየሁት። «ይኸው ሰዓቱ ልክ ነው እኮ!» አለኝ። ከገጠመው ባለሙያ ደብዳቤ አምጡ ተባልኩ። ለመሆኑ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚጨልም ግቢ የት አይቷል? ልጁ ደግሞ ስልኩን አያነሳም። በስንት ውትወታ ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ የመንገድ በሩን ካሜራ ቅጂ አምጡ አሉኝ። ዲስኩ በላዩ ላይ ቀድቶበታል። አራት ካሜራ እያንዳንዱ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ሲቀዳ በቀን 170 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። 1 ቴራባይት ስድስት ቀን አይሞላም።

ስለዚህ ሰዓቱ ተሳስቶ ካገኛችሁት አትንኩት። መጀመሪያ ስልካችሁን ከስክሪኑ ጎን አስቀምጡና ሁለቱንም ሰዓት በአንድ ፎቶ አንሱ። የአራቱንም ካሜራ ቅጂ አውጡ። ከዚያ አስተካክሉ። ሰዓት ክልሉ ጂኤምቲ ሲደመር 3 መሆን አለበት። ዲቪአሩ ውስጥ ያለችው የሰዓት ባትሪ ከደከመች ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ሊጠፋበት ይችላል፤ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ያዙ። ዲቪአሩን ብቻ ሳይሆን የካሜራዎቹንም ኃይል ዩፒኤሱ ላይ ሰኩት። ካሜራን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ ይላሉ። እኔ አንዱን ዝቅ አድርጌዋለሁ። ከላይ ሲያዩት ጋቢ የለበሰ ሰው ሁሉ አንድ ነው።

ተከራዬን ይቅርታ ጠየቅኩት። «ችግር የለም ጋሼ» አለኝ። በወሩ መጨረሻ ቤቱን ለቀቀ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ጠሩኝ። እሳቸውም ካሜራ አስገጥመዋል፤ የገጠመላቸውም ያው ልጅ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ስክሪኑን አየሁት፤ 20:00 ይላል። ልጁ መሰላሉን እያጠፈ ነበር። «አንድ ጊዜ ጠብቅ» አልኩትና ስልኬን አወጣሁ።