እናቴ የምትጠራቸው ስሞች

እናቴ በሕይወት አለች። የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሁለታችንም ከተማው ውስጥ ነበርን። ከሞት ከተረፈችልኝ በአደባባይ እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ይኸው።

ግን ከኋላ ልጀምር፤ ያለዚያ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል።

እናቴ የቆቦ ሰው ናት። በ1977ቱ ድርቅ እኔን አዝላ ወደ ደሴ መጣች። ማን ከኋላ እንደቀረ፣ ማን የት እንደተቀበረ አታወራም። እኛም አንጠይቅም። ስለዚያ ጊዜ ስታነሳ የምሰማት በጸሎቷ ላይ ብቻ ነው።

በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም አብረን ወጣን። የሄደ ያውቀዋል። አምባው በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ ነው፤ መግቢያው አንድ በር ነው፤ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይገባል። ከየአገሩ የመጣው ምእመን ጋቢውን ተከናንቦ መሬት ላይ ያድራል። እኔ የወጣሁት ለሥራ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። «እመቤቴ፣ ሥራ ስጪኝ፤ ጥላ አስገባለሁ» አልኩና ጸሎቴ አለቀ።

የእናቴ ግን አያልቅም። ስም ትጠራለች። የዘመድ፣ የጎረቤት፣ የሞተ፣ ያለ። ጎረቤታችን ሐጂም ከነልጆቻቸው ይጠራሉ፤ ወሎ ላደገ ሰው ይሄ ብርቅ አይደለም። ስማቸውን የማታውቃቸውም አሉ። «መርሳ ላይ ቆሎ የዘገነችልኝን አስቢያት። ውጫሌ ላይ መኪናው ላይ ያሳፈረኝን ሾፌር አስቢው። ለልጄ ውሃ ያቀመሰቻትን አስቢያት።» ብርዱ ጠናብኝና «እማዬ፣ ለራስሽ አትለምኚም እንዴ?» አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ።

«ለራሴ እኮ ነው እምለምነው» አለችና ቀጠለች።

ሥራውን አገኘሁ። ጥላውንም አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ጸሎቴ እንደዚያው ነበር። ባል ለመንኩ፣ ልጅ ለመንኩ፣ የቤት ኪራይ እንዳይጨምር ሁሉ ለመንኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብዙውን ሰጥቶኛል። ወጣት ሰው የሚጎድለው ብዙ ነው፤ የጎደለውን ቢለምን ምን ይገርማል? የእናቴን ስሞች ግን የሽማግሌ ልማድ አድርጌ ነበር የማያቸው።

ጦርነቱ ሲመጣ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። ክፍት መድኃኒት ቤት አልነበረም። አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ 1000 ዩኒት ይይዛል። በእናቴ መጠን ወር ግድም ያደርሳታል። እኛ ጋ የቀረችው ግን ከሥር ያለችው ብቻ ነበረች። እንድትቆይልን ብለን መጠኑን ቀነስን። ስኳሯ ወጣ። ውሃ ጠጥታ አትረካም። ከንፈሯ ደረቀ፣ ስናናግራት ቃሉ ይጎተትባት ጀመር። አንድ ማታ በሻማ ብርሃን ብልቃጡን ገልብጬ በመርፌ ብስብ አየር ብቻ መጣ። ደግሜ ሳብኩ። አየር።

የእመቤቴ ሥዕል ፊት ተንበረከክሁ። «እናቴን ተዪልኝ» አልኩ። ሌላ ነገር ልጨምር ስል አፌ ላይ የመጣው ስም ነው። የልጆቼ፣ የጎረቤቶቼ፣ በየቤቱ መድኃኒት አጥቶ የተኛው ሁሉ። ከዚያ መርሳ ላይ ቆሎ የሰጠችው ሴት መጣች። አላውቃትም፤ ግን እሷ ባትኖር እኔም የለሁም። ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ። እናቴ በግሸን ብርድ የማን ዕዳ ስትከፍል እንደነበር ያን ሌሊት ገባኝ።

ሲነጋ በር ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው። እሳቸውም ኢንሱሊን ይወጋሉ።

«ልጄ፣ የእናትሽ መድኃኒት እንዴት ሆነ? እሷን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉኝ።

አለቀ አልኳቸው። ቤታቸው ይዘውኝ ገቡ። ጓዳ ጥግ ላይ ትንሽ ማድጋ አለች፤ አፏ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኗል። ውስጧ እርጥብ አሸዋ ነው። አሸዋውን በእጃቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው አንድ የማር ጠርሙስ አወጡ። በውስጡ በፌስታል የተጠቀለሉ ሁለት ያልተከፈቱ ብልቃጦች ነበሩ። ፍሪጅ በሌለበት መድኃኒቱን እንዲህ ያቆዩታል፤ ሸክላው ውሃውን ወደ ውጭ ሲያተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። የእናቴን ባዶ ብልቃጥ አምጥቼ ጽሑፉን አስተያየን። አንድ ዓይነት ነው።

«አንዱ የሷ ነው» አሉ።

«ሐጂ፣ እርስዎስ?»

«አንዱ አለኝ አልኩሽ እኮ። አላህ ያሽራት፤ ሂጂ ውጊያት።»

አሚን አልኩ፤ ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ እናቴ ቀስ በቀስ ተመለሰች። መጀመሪያ ዓይኗ ጠራ፤ ከዚያ ንግግሯ ተስተካከለ። አጥሚት አምጡልኝ ያለች ቀን ቤቱ እልልታ በእልልታ ሆነ። ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ከከተማው ሲወጣ ብልቃጡ ሙልጭ ብሎ አላለቀም ነበር። ሐጂም ደህና ሰነበቱ። አጋጣሚ ነው የሚለኝ ሰው አለ። እኔ ሌሊት የለመንኩትን ጠዋት በሬ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

አሁን አርባዬን አልፌያለሁ። ጸሎቴ ረዝሟል፤ ልጆቼ «እማ፣ አላለቀም?» ይሉኛል። አልቆጣቸውም። የእነሱ ጉዳይ ፈተና ማለፍ ነው፤ እሱንም እለምንላቸዋለሁ።

እናቴ ጉልበቷ ስለደከመ አምባውን መውጣት አትችልም። ስለዚህ ለመስከረም 21 እኔ ወጣሁ። ከመነሳቴ በፊት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ስሞቹን አንድ በአንድ አስጠናችኝ፤ ስሳሳት እያረመች። እዚያ ደርሼ ሁሉንም ጠራሁ። ሐጂን ሁለቴ ጠራኋቸው። ለእናቴ የተሳልኩት ጥላም ገብቷል። የቀረኝ ይህን መመስከር ነበር፤ እሱንም አደረስኩ። የእመቤቴ ስም የተመሰገነ ይሁን።