ከአንድ ሺህ ሲሲ ቪትዝ የጠፋውን ጉልበት ፍለጋ

የ2003 እ.ኤ.አ. ሥሪት የሆነችው ትንሿ ቶዮታ ቪትዜ 997 ሲሲ ሞተርና ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ያላት፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ፣ ከገዛኋት ዕለት ጀምሮ ዳገት የምትፈራ መኪና ነበረች። እናቴንና ሁለት እኅቶቼን ይዤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ሚኒባሶች ጡሩንባ እየነፉ ተራ በተራ ካለፉኝ ቀን በኋላ ግን ነገሩን በቁም ነገር ያዝኩት። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ ኪሴም ስለማይፈቅድ፣ መኪና ከመለወጥ ይልቅ ያለችኝን ማጎልበት ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ምን እንደጎደለ ሳልመረምር ለመጨመር መሯሯጤ ነው። ሱማሌ ተራ ሄጄ እንደ ፈንድሻ ቅርጫት የተከፈተ፣ ድምፁ የሚያስደስት የአየር ፊልትሮ (ማጣሪያ) ገዛሁ፤ ቀጥሎም ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ በሰፋ ቧንቧ አስቀየርኩ። መኪናዋ እንደ እሽቅድድም መኪና ጮኸች፤ ዳገቱ ላይ ግን ያችው ቪትዝ ነበረች። ምክንያቱን ቆይቼ ተረዳሁት፦ ፋብሪካው የሠራው የአየር መሳቢያ ከኮፈኑ ውጭ ቀዝቃዛ አየር የሚያመጣ ሲሆን፣ እኔ የገዛሁት ግን የሞተሩን የጋለ አየር መልሶ ይስብ ነበር፤ የጋለ አየር ደግሞ የሳሳ ነው። ጩኸትን ጉልበት አድርጌ መቁጠሬ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ዋናው ባላንጣዬ ከፍታው መሆኑን ያስተዋልኩት ወደ አዳማ በሄድኩበት ቀን ነው። እዚያ ስደርስ መኪናዋ ነፍስ ዘራች፤ ስመለስ እንደገና ደከመች። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ፣ በባሕር ወለል 70 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ይህ ሞተር እዚህ ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል፤ ወደ 54 ገደማ ይቀረዋል ማለት ነው። እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ይህን ኪሳራ በርካሽ የሚመልስ ነገር የለም። ስለዚህ ጥያቄዬን ለወጥኩ፤ ከቀረው 54 ውስጥ ስንቱ በእውነት ጎማው ጋ እየደረሰ እንደሆነ መጠየቅ ጀመርኩ።

አንድ ጋራዥ የሲሊንደሮቹን ኮምፕረሽን (አየሩ ውስጣቸው ሲጨመቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ለክቶ «ሞተሩ አልቋል፣ መውረድ አለበት» ብሎኝ ነበር፤ የጠየቀኝም ዋጋ የመኪናዋን ሩብ የሚጠጋ ነበር። ሆኖም የጥገና መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል የተሰላ ነው። እዚያ 200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በእኛ ከፍታ 150 ገደማ ቢያሳይ አያስደነግጥም። ይልቅ መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ የእኔዎቹ አራቱም ተቀራራቢ ስለነበሩ ሞተሩን አላስወረድኩም።

ከዚያ መለኪያ አበጀሁ። ከሰፈራችን በላይ ባለ ጭር ያለ ዳገት፣ እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ በግምት 200 ሜትር በሚራራቁ ሁለት የመብራት ምሰሶዎች መካከል ከቆመችበት ተነሥታ ለመድረስ የሚፈጅባትን ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ከጎኔ ተቀምጦ በስልኩ ይይዛል። ሦስት ጊዜ እንወጣለን፤ አማካዩን እንጽፋለን፤ በአንድ ሳምንት ከአንድ ነገር በላይ አንቀይርም። የመጀመሪያው ውጤት 19.5 ሰከንድ ነበር። የተከፈተውን ፊልትሮ አውጥቼ የፋብሪካውን ዕቃ በአዲስ ወረቀት ፊልትሮ ስመልስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቀነሰ።

ትልቁን ግኝት ያገኘሁት ግን አንድ ሳንቲም ሳላወጣ ነው። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአየር ቱቦውን ነቅለው «ልጄ፣ ገብተህ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ርገጥ» አሉኝ። ረገጥኩ። «ርገጥ እንጂ!» አሉ ደግመው። እግሬ ወለሉ ላይ ደርሷል፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው የአየር በር ግን ሩብ ያህሉ እንደተዘጋ ነበር። ፔዳሉን ከአየር በሩ የሚያገናኘው፣ መሪው ሲዛወር የተቀጠለው ገመድ ረግቧል፤ በዚያ ላይ የዘረጋሁት ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ፔዳሉን ከታች ያግደው ነበር። ገመዱን አጠበቁት፤ ሲለቀቅ በሩ ሙሉ በሙሉ እንደሚዘጋም ደጋግመው አረጋገጡ፤ ይህ ካልተረጋገጠ መኪናው ነዳጅ እንደሰጠ ሊቀር ስለሚችል ለጀማሪ የሚተው ሥራ አይደለም። ምንጣፉን እኔ ጣልኩት። ካምቢዮው ማርሽ የሚያወርደው የአየር በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ አይቶ ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳገት ላይ ማርሽ በጊዜው መቀነስ ጀመረ። ከዚህ ብቻ አንድ ሰከንድ ተኩል አተረፍኩ።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። ለግማሽ ሰዓት ከነዳሁ በኋላ እጄን ወደ ቸርኬዎቹ ሳስጠጋ የፊት ቀኙ ያቃጥል ነበር፤ የፍሬኑ መያዣ ዝጎ ሸራውን አይለቅም። ተፈትቶ ተጸዳ፣ ግራሶም ተቀባ። ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ክፍተታቸው ሰፍቶ ስለነበር በተራ ዓይነት ለወጥኳቸው፤ ጫፉ ከኢሪዲየም ብረት የተሠራው ውዱ ዓይነት ዕድሜው ይረዝማል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ኦክታን (ነዳጁ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን እንዳያንኳኳ የመቋቋም አቅሙ) ይጨምራል የተባለ ጠርሙስም ሞክሬ ምንም አላየሁበትም፤ በሳሳ አየር ሞተሩ የማንኳኳት ዝንባሌው ስለሚቀንስ፣ የኦክታን እጥረት ቀድሞውንም ችግሬ አልነበረም።

ያልጠረጠርኩት ጎማውን ነው። የቀድሞው ባለቤት መኪናዋ ከመሬት ከፍ እንድትል በ175/65 ባለ 14 ፈንታ 185/70 ባለ 14 አስገብቶባት ነበር። ይህ ጎማ በዲያሜትሩ 5 በመቶ ያህል ስለሚበልጥ እያንዳንዱን ማርሽ በዚያው መጠን ያከብደዋል፤ የፍጥነት መለኪያውንም ያሳስተዋል፤ ፍጥነትን ትቼ ጊዜን በምሰሶ መለካቴ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ጎማዎቹ አልቀው ስለነበር ወደ መጀመሪያው ልክ ለመመለስ ተጨማሪ ወጪ አላስፈለገኝም። በዚያው ሳምንት ፖርቶመጋላውንና ከኋላ የከረመውን የውኃ ጀሪካን አወረድኩ፤ ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት መቀየሬ ደንቤን መጣስ ነበርና የየትኛው ድርሻ ስንት እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

የመጨረሻው ልኬት 16 ሰከንድ ሆነ። ለፍሬኑ፣ ለካንዴላውና ለወረቀት ፊልትሮው ያወጣሁት በድምሩ ለማርሚታው ብቻ ከከፈልኩት ያነሰ ነው። አሁን እንጦጦ ስወጣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ወደ 2 አወርዳለሁ፤ ኤሲውንም አጠፋለሁ፤ ኮምፕረሰሩ ከ54ቱ የሚወስደው ጥቂት የፈረስ ጉልበት እዚያ ላይ ይሰማል። መኪናዋ ግን በትንሹ ጎማ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ስላለች፣ አራት ሰው ጭኜ የግቢያችንን በር ስሻገር ሆዷ ደፉን ይነካል፤ እኅቶቼን ከበሩ ፊት አውርጄ ነው የምገባው።