ማህተሙ ያለበት መሳቢያ

ዛሬ ግማሽ ቀኔን በአካባቢያችን አስተዳደር ቢሮ አንዲት ማህተም ስጠብቅ አሳለፍኩ። ማህተሟ መሳቢያ ውስጥ ናት፣ የመሳቢያው ቁልፍ ኃላፊው ኪስ ውስጥ፣ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ኮምፒውተር ከነላስቲኩ ተቀምጧል። ለምን አትከፍቱትም ስላት እዚያ የምትሠራው ልጅ ሳቀች። "ተገዛልን እንጂ የሚያሠራው ሰው አልተቀጠረም" አለችኝ።

እሷ ላይ መናደድ አልቻልኩም። የአካባቢ አስተዳደር ብዙ ጊዜ ሥራው የራሱ፣ ገንዘቡ የሌላ ነው። ጠቀም ያለው ታክስ ወደ ማዕከል ይሄዳል፣ ለታች የሚቀረው እንደ ንብረት ግብር ያለ ለመሰብሰብ አድካሚው ነው፣ የጎደለው በድጎማ ይመጣል፣ እሱም ዘግይቶ፣ ከዚያ ላይ ደመወዝ ሲነሳ ለመንገድና ለውሃ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ደህና ባለሙያ ደግሞ ልምዱን ይዞ የተሻለ ወደሚከፍል ይሄዳል።

ሌብነቱም በዚሁ ክፍተት ይገባል። ቁልፍ የያዘ አንድ ሰው፣ የማይጠይቅ አለቃ፣ የቸኮለ ባለጉዳይ (እኔም እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር፣ አልዋሽም)።

ዩጋንዳ ውስጥ ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. በወረዳ ቢሮዎች በኩል ከተላከው የትምህርት ቤት ድጎማ ትምህርት ቤቶቹ ጋ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ እንደነበር ጥናት አሳይቷል። ከዚያ የተላከው ገንዘብ በጋዜጣ መውጣት ጀመረ፤ የሚደርሰውም በጣም ጨመረ።

እኔ ግን ዛሬ የዚህ ቢሮ በጀት ስንት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ማህተሜን ነው። ነገ ተመለስ ተብያለሁ።