ቃሬዛና ካቴና

በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ሬንጀር የሚባለውን የፓርክ ጠባቂ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሰፊ ባርኔጣውን ደፍቶ ለጎብኚዎች ስለ ዛፉና ስለ አራዊቱ ሲያስረዳ ነው። ያ ሥራ አለ፤ የተከበረም ነው። ነገር ግን ከዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ወገቡ ላይ ሽጉጥና ካቴና የታጠቀ፣ በመኪናው ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን፣ ገመድና ቃሬዛ ጭኖ የሚዞር ሌላ ሬንጀር አለ። የዚህኛውን ሬንጀር የአደጋና የወንጀል ዘገባዎች ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ባነበብኩ ቁጥርም አንድ እምነት እየጠነከረብኝ መጥቷል። ሰዎች ሁለት ሥራ አድርገው የሚያዩት ሕግ ማስከበርና ነፍስ ማዳን በፓርክ ውስጥ አንድ ሥራ ነው፤ ሕግ ማስከበሩ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነፍስ ማዳን ነው።

በከተማ ፖሊሱ፣ አምቡላንሱና እሳት አደጋው ለየብቻ ናቸው፤ ሦስቱም በደቂቃዎች ውስጥ ሊደርሱ ይችላሉ። ወደ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋው በየሎውስቶን ፓርክ ግን ጥሪው ሲመጣ ቅርብ ያለው ሰው አንድ ሬንጀር ብቻ ሊሆን ይችላል። ጥሪው የመኪና ግጭት ይሁን፣ የልብ ሕመም ይሁን፣ ጠጥቶ ሚስቱን የሚደበድብ ባል ይሁን፣ የሚሄደው እሱ ነው። ስለዚህም ሕግ አስከባሪ ሬንጀሮች ከፖሊስ ሥልጠናው በተጨማሪ የድንገተኛ ሕክምና ትምህርት ይወስዳሉ፤ በአንዳንድ ፓርኮችም በሩቅ ሆስፒታል ካለ ሐኪም ጋር በሬዲዮ እየተነጋገሩ መድኃኒት እስከ መስጠት ይደርሳሉ።

ይህ ጥምረት ከታሪክም የመጣ ነው። የሎውስቶን እ.ኤ.አ. በ1872 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ሲታወጅ ጠባቂም የቅጣት ሕግም አልነበረውም። በ1880 የተቀጠረው ሃሪ ዮንት የበረዶውን ወራት በፓርኩ ውስጥ ካሳለፈ በኋላ ያን ሁሉ መሬት አንድ ሰው ሊጠብቀው እንደማይችልና የተደራጀ የጠባቂዎች ኃይል እንደሚያስፈልግ በሪፖርቱ አመለከተና በዓመቱ ሥራውን ለቀቀ። ከ1886 ጀምሮ ፓርኩን ፈረሰኛ ጦር ተረከበው፤ ወታደሮቹ ግን ሕገ ወጥ አዳኝ ቢይዙ ንብረቱን ቀምተው ከፓርኩ ከማባረር ያለፈ አቅም አልነበራቸውም። በማርች 1894 ፊሊክስ በርጀስ የተባለ የጦሩ ቃኚ ኤድጋር ሃውል የተባለውን አዳኝ በፔሊካን ሸለቆ ውስጥ የገደላቸውን ባይሰኖች፣ ማለትም የአሜሪካ የዱር ጎሾች፣ ሲገፍፍ አገኘው። ሃውል ጠመንጃ ነበረው፤ በርጀስ በእጁ የያዘው ሽጉጥ ነበር፤ መሐላቸው ያለው ደግሞ መደበቂያ የሌለው የበረዶ ሜዳ ነው። በርጀስ ሜዳውን በበረዶ ሸርተቴ አቋርጦ ሰውየው ቀና ሳይል ደረሰበት።

ሃውል የሚከሰስበት ሕግ ስላልነበረ የደረሰበት ነገር መባረር ብቻ መሆኑ በጋዜጣ ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ፤ በሜይ ወር በኮንግረስ አባሉ በጆን ሌሲ ስም የሚጠራው ሕግ ጸደቀ። ሕጉ በፓርኩ ውስጥ አራዊት የሚገድል ሰው እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ ሁለት ዓመት እስራት እንዲቀጣ ደነገገ፤ ጉዳዩን የሚያይ ባለሥልጣንም በዚያው በፓርኩ ውስጥ ተመደበ። ዛሬም ማሞዝ በተባለው የፓርኩ መንደር የፌዴራል ፍርድ ቤት ያስችላል። ሕጉ ሲመጣ እጅግ ዘግይቶ ነበር፤ በ1902 በየሎውስቶን ውስጥ የቀሩት የዱር ባይሰኖች ወደ ሁለት ደርዘን ገደማ ብቻ ነበሩ። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩት ከእነዚያ ጥቂቶችና ከውጭ ከመጡ ጥቂት ተጨማሪዎች የተራቡ ናቸው። ቅጣት የሌለው ክልከላ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ብሔራዊ የፓርክ አገልግሎቱ ራሱ የተቋቋመው በ1916 ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሬንጀሮቹ ሁሉን በጥቂቱ የሚያውቁ ሆነው ቆዩ፤ ጁላይ 4 ቀን 1970 በዮሰሚቲ ፓርክ ስቶንማን በተባለው ሜዳ ላይ ከተሰበሰቡ ወጣቶች ጋር ግጭት ሲፈጠር ግን ለእንዲህ ያለ ነገር ያልሠለጠኑ መሆናቸው በግልጽ ታየ። የፖሊስ ሥልጠናው ከዚያ ወዲያ ተጠናከረ፤ በ1976 የወጣ ሕግም የማሰር፣ መሣሪያ የመታጠቅና የመመርመር ሥልጣናቸውን በማያሻማ ሁኔታ አስቀመጠ።

አሁን ወደ ዕለት ሥራቸው ልምጣ። ጎብኚን ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨው ቅጣት ትንሽ የሚመስለው ነው። በየሎውስቶን ከድብና ከተኩላ ቢያንስ 91 ሜትር፣ ከባይሰንና ከሌሎቹ ትልልቅ እንስሳት 23 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። ፎቶግራፍ ለማንሳት ሁለት እርምጃ የተጠጋ ሰው ሬንጀር ሲያስቆመው እንደ ጭቅጭቅ ያየዋል። በሜይ 2016 ጎብኚዎች አንድ የባይሰን ጥጃ የበረደው መስሏቸው በመኪናቸው ጭነው ወሰዱት። ልባቸው ክፉ አልነበረም። ሬንጀሮቹ ጥጃውን ከመንጋው ጋር ለመቀላቀል ደጋግመው ሞከሩ፤ መንጋው ግን አልተቀበለውም። ጥጃው ሰውንና መኪናን እየተከተለ ለአደጋ ምክንያት መሆን ስለጀመረ በመጨረሻ እንዲገደል ተደረገ። ሰውየው ተቀጣ፤ ሕጉን ያለማወቅ ወጪ የከፈለው ግን ጥጃው ነው።

በዚያው ዓመት በጁን ወር የሆነው ከዚህ የከፋ ነው። አንድ የ23 ዓመት ወጣት ከእህቱ ጋር ኖሪስ በተባለው የፍል ውኃ ሥፍራ ከእንጨት መተላለፊያው ወጥቶ ወደ 200 ሜትር ያህል ከራቀ በኋላ የሚፈላ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ፍለጋው በመብረቅ ምክንያት ተቋረጠ፤ በማግስቱ ሲመለሱ የሚወጣ አስከሬን አልቀረም። በዚያ ሥፍራ መሬቱ ቀጭን ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ አሲድነት ያለው የፈላ ውኃ አለ። ወጣቱን ለማውጣት የሄዱት ሬንጀሮች የቆሙትም በዚያው ቅርፊት ላይ ነበር። ስለዚህ ከመተላለፊያው በወጣ ሰው ላይ የሚጻፍ ቅጣት በመጀመሪያ የሰውየውን፣ ቀጥሎም እሱን ሊያወጣ የሚሄደውን ሰው ነፍስ የሚጠብቅ ነው።

ሰው ሲጠፋ የሚደረገው ፍለጋ ከሥራቸው ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ነው። ከውጭ ስናየው ብዙ ሰው ጫካ ውስጥ ገብቶ ስም የሚጣራበት ይመስለናል፤ የተዋጣለት ፍለጋ ግን በጥያቄ ይጀምራል። የመጨረሻ ጊዜ የታየው የት ነው? መኪናው የቆመበት ቦታ አለ? የጫማው ሶል ምን ዓይነት ነው? የሚወስደው መድኃኒት አለ? ከቤት ሲወጣ ምን ተናግሮ ነበር? ከዚያ ጥቂት ፈጣን ሰዎች ቦርሳቸውን አቅልለው በጣም በሚጠረጠሩት መንገዶች ላይ ይሄዳሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሰውየው ከተከለለው ቦታ ሳይታይ እንዳይወጣ በመንገድ መገናኛዎች ላይ ይቆማሉ። በጭቃ ላይ የተገኘ አንድ የጫማ ዱካ ክብ ይሠመርበታል፤ ርዝመቱ ይለካል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ማንም እንዳይረግጠው ይጠበቃል። ከተጣሩ በኋላ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ የደከመ ሰው ድምፅ የሚሰማው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነውና።

የሚፈለገው ሰው ማንነትም ካርታውን ይለውጠዋል። ትንሽ ልጅ ፈርቶ ወይም እንግዳ ሰው እንዳያናግር ተነግሮት ስሙን ከሚጠሩት ሰዎች ሊደበቅ ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥቋጦ ሥር፣ ግንድ ውስጥ፣ አለት ሥር ተንበርክኮ ማየት ያስፈልጋል። የመርሳት ችግር ያለባቸው አረጋውያን እሾህ ወይም ገደል እስኪያቆማቸው ድረስ ፊት ለፊታቸው ይሄዳሉ። ሕይወቱን ለማጥፋት የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሩቅ አይሄድም። የተጎዳው ሰው ሲገኝም ሥራው አያልቅም፤ አንድ ጎማ በተገጠመለት ቃሬዛ ላይ ሰውን በጠባብ መንገድ ማውጣት በአንድ ጊዜ ስድስት ሰው ያህል ይፈልጋል፤ የሚተካቸውም ሌላ ስድስት ከኋላ ይከተላል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል።

እዚህ ላይ ቃሬዛና ካቴና የግድ በአንድ ሰው እጅ መሆን ያለባቸው ለምን እንደሆነ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በሴፕቴምበር 2012 በሮኪ ማውንቴን ፓርክ ዲር በተባለው ተራራ ላይ አንዲት ሴት አርባ ሜትር ገደማ ከሚሆን ገደል ወደቀች። አብሯት የነበረው ባሏ ነው፤ የሄዱት የትዳራቸውን 12ኛ ዓመት ለማክበር ነበር፤ እርዳታ የጠራውም እሱ። ሬንጀሮች የሄዱት ለማዳን ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ሞተች። ነገሩን በአደጋነቱ መዝግቦ መዝጋት ቀላል ነበር። ይሁን እንጂ ባልየው የሚናገረውና በቦታው የሚታየው አልጣጣም አለ፤ በመኪናው ውስጥም ሚስቱ በወደቀችበት ሥፍራ ላይ የኤክስ ምልክት የተደረገበት የፓርኩ ካርታ ተገኘ። የፓርክ አገልግሎቱ መርማሪዎች ከፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ከኤፍቢአይ ጋር ሆነው ጉዳዩን ተከታተሉት፤ በ2015 ሰውየው በግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ተባለና የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ነፍስ ለማዳን የሮጠው ሰው የወንጀል ሥፍራን ማየት የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ያ ካርታ ተራ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

በግራንድ ካንየን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በሌላ ቦታ ተራራ የሚወጣ ሰው ሲደክመው ወደ ታች ይመለሳል፤ በዚህ ግን ቀላሉ መንገድ መጀመሪያ ነው። ከደቡቡ አፋፍ ተነሥቶ በብራይት ኤንጅል መንገድ እስከ ኮሎራዶ ወንዝ ድረስ ቁልቁለቱ 1,300 ሜትር ያህል ነው፤ ታች ያለው ሙቀት ከላይኛው በ11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይበልጣል፤ በበጋም ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በጠዋቱ ቀዝቃዛ አየር እየሳቀ የወረደ ሰው አቀበቱን የሚጀምረው በቀትር ነው። ውኃ ያልያዘው ይወድቃል፤ ምንም ሳይበላ ውኃ ብቻ ያለ ልክ የጠጣውም በደሙ ያለው ጨው ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሁለቱ ሕመሞች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ይቃረናል፤ ለአንዱ የሚሰጠው ውኃ ሌላውን ሊገድለው ይችላል። በሙቀት ብዙ ሰው ከተጎዳበት ከ1996ቱ አስከፊ በጋ በኋላ ፓርኩ በ1997 አደጋን ቀድሞ የመከላከል ሥራ ጀመረ። ሬንጀሮችና በጎ ፈቃደኞች በመንገዱ አናት ላይ ቆመው ወራጁን ሁሉ የት ድረስ እንደሚሄድ፣ ስንት ሊትር ውኃ እንደያዘ፣ ጨው ያለው ምግብ እንዳለው ይጠይቃሉ። ማንንም አያስገድዱም፤ ሆኖም በዚያ የሁለት ደቂቃ ንግግር ሐሳቡን ቀይሮ ግማሽ መንገድ ላይ የሚመለስ ሰው አለ። ያ ሰው በማንኛውም የአደጋ ዘገባ ውስጥ አይገባም፤ ለእኔ ግን በሄሊኮፕተር ገመድ ሰው ከማውጣት ያላነሰ ሥራ ይኸው ነው።

ዋጋውን የሚከፍሉት እነሱ ራሳቸው ናቸው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2012 በማውንት ሬኒየር ፓርክ መኪኖች የበረዶ ሰንሰለት ማሰራቸውን ለማየት የተዘጋጀውን የፍተሻ ቦታ አንድ ሰው ሳይቆም አለፈ። ሰውየው ቀደም ሲል በሌላ ቦታ ሰው አቁስሎ የሸሸ ነበር። ከላይ በመኪናዋ መንገዱን የዘጋችውን ሬንጀር ተኩሶ ገደላት፤ ከመቶ በላይ ጎብኚዎችም በአንድ ሕንፃ ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ተጠብቀው ቆዩ። በዚያው ፓርክ፣ በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ በበረዶ ግግር ላይ የወደቁ አራት ተራራ ወጪዎችን ሲረዳ የነበረ ሬንጀር ተንሸራትቶ ሞተ፤ አራቱም ተጓዦች ተርፈዋል። በኮንጎ ቪሩንጋ ፓርክ ደግሞ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከ200 በላይ ጠባቂዎች ተገድለዋል፤ የእነሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ደጋግሞ የሚነሣ ክርክር አለ፤ የአሜሪካ ፓርክ አገልግሎት ለፍለጋና ለማዳን ሥራ በመደበኛነት ክፍያ ስለማይጠይቅ፣ በቸልተኝነት ራሳቸውን ለአደጋ የሚያጋልጡ ሰዎች ወጪውን ይክፈሉ የሚል። ንዴቱ ይገባኛል፤ ሐሳቡን ግን አልቀበለውም። ሒሳብ የሚፈራ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ከተሰበረ በኋላም ትንሽ ልሞክር እያለ ይቆያል፤ ሲደውል ጀምበር ጠልቃለች፤ ሄሊኮፕተር በብርሃን ሊያወጣው ይችል የነበረውን ሰው ስምንትና አሥር ሬንጀሮች በጨለማ ገደል ለገደል ሊፈልጉት ይወጣሉ። በእርግጥ ቸልተኛ የሆነውን ለመጠየቅ ሕግ አለ፤ እያወቀ ለሌላው አደገኛ ሁኔታ የፈጠረ ወይም የሐሰት ጥሪ ያደረገ ሰው በፓርኩ ደንብ መሠረት ይከሰሳል። ቅደም ተከተሉ ግን ሊዛባ አይገባም፤ መጀመሪያ ከገደሉ ያወጡታል፣ ስብራቱን ያስሩለታል፣ ለሐኪም ያስረክቡታል፤ የክስ ወረቀቱ የሚጻፍ ከሆነ የሚጻፈው ከዚያ ወዲያ ነው።