ለቤተሰብ የሚሆን አልጋ

ባሕር ዳር የመጣ ቤተሰብ ስንት ሌሊት እንደሚቆይ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እኔ በምሠራበት የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ነው። አባት ቀድሞ ይገባና የአልጋ ዋጋ ይጠይቃል። አንድ ክፍል ለሁለት ሰው እንደሆነ እነግረዋለሁ። ወደ በሩ ዞር ብሎ በዓይኑ ይቆጥራል፦ ባለቤቱ፣ ሦስት ልጆች፣ ብዙ ጊዜም አያት። ሦስት ክፍል ሊይዝ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ፍራሽ ቢነጠፍልን ምናለ?» ይለኛል። የቤቱ ደንብ አይፈቅድም። ከአዲስ አበባ 565 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የደረሰ ሰው አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ ሲመለስ ማየት ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ሰሞኑን የሆቴሉ ባለቤት በጓሮ በኩል የጀመሩትን ፎቅ ምን ብናደርገው ይሻላል ብለው ሠራተኛውን ሰብስበው ጠየቁ። አንዳንዱ የስብሰባ አዳራሽ አለ፤ ሌላው እንደ ፊተኛው ሕንፃ የተለመደ ክፍል ይሁን አለ። እኔ ዋጋው መካከለኛ የሆነ የቤተሰብ ክፍል ይሁን አልኩ። ለመናገር የተሰጠን ጊዜ አጭር ስለነበረ ሐሳቤን በሙሉ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ነገሩን አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገችኝ አሜሪካ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ልጆቿንና እናቷን ይዛ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ከተማ ወደሚገኘው ዩኒቨርሳል የተባለ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ሄዳ ነበር። እርሷ ስለ መጫወቻዎቹ ስታወራልኝ እኔ የምጠይቃት ስለ ክፍሉ ነበር። ያረፉት ካባና ቤይ በሚባለው ሆቴል ነው። ከእርሱ በፊት የፓርኩ ሆቴሎች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ በድምሩ 2,400 ያህል ክፍል ያላቸው፣ ዋጋቸውም የሚከብድ። ካባና ቤይ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲከፈት 1,800 ክፍሎች ጨመረ፤ ግማሾቹም ለቤተሰብ ታስበው የተሠሩ ናቸው። አንዱ የቤተሰብ ክፍል 40 ካሬ ሜትር ያህል ሆኖ ስድስት ሰው ያስተኛል። ሁለት ሰፋፊ አልጋዎች፣ ወደ አልጋነት የሚዘረጋ ሶፋ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ ማይክሮዌቭና የዕቃ ማጠቢያ አለው። መጸዳጃው፣ የገላ መታጠቢያውና የእጅ መታጠቢያው ተለያይተው ስለተሠሩ አያት ገላዋን ስትታጠብ ልጅ በር ላይ ቆሞ አያለቅስም። ይህን ስሰማ ያንን ንድፍ ያወጣውን ሰው ባገኘውና እጁን በጨበጥኩት ብዬ ተመኘሁ።

በእነዚያ ሦስት ውድ ሆቴሎች ያረፈ ሰው ረጅሙን ሰልፍ የሚያልፍበት ልዩ ትኬት ከአልጋው ጋር ያገኛል፤ ካባና ቤይ ያረፈ አያገኝም። ይህ ትክክለኛ ቅነሳ ይመስለኛል። ቤተሰብ ያለ እርሱ መኖር የሚችለው ነገር ተነሥቶ አልጋው፣ ውኃውና ንጽሕናው ቀርተውለታል። እኛ ዘንድ ዋጋ እንቀንስ ሲባል ግን መጀመሪያ የሚቀነሰው የአንሶላው ቁጥር ነው።

ሁሉም የሆቴሎቹ እንግዶች የሚጋሩት አንድ መብት አለ፦ ፓርኩ ለሌላው ሕዝብ ከመከፈቱ ቀደም ብሎ ወደ ተወሰነው የፓርኩ አካባቢ መግባት። እንግዲህ የሆቴሎቹ ክፍሎች ከ2,400 ወደ 4,200 ሲያድጉ ያቺ ጸጥ ያለች የማለዳ ሰዓት ለቀድሞዎቹ እንግዶች ምን ያህል እንደምትጠብ አስቡት። በዚያ ላይ ካባና ቤይ በአንድ ክፍል ስድስት ሰው ያስተኛል። ርካሽ አልጋ ሲጨመር በር ላይ የሚቆመው ሰውም ይጨምራል፤ ይህንን ደብቆ የቤተሰብ ክፍል ይሠራ ብሎ መከራከር ሐቀኝነት አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ግን ስለ ማለዳው ብዙም አላወራችም። ያወራችልኝ ስለ ቀትር ነው። የኦርላንዶ በጋ ያቃጥላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓዳማ ዝናብ ይጥላል። ሆቴሉ በእግር የሚደረስበት ስለሆነ ቀትር ላይ ልጆቹን ወደ ክፍሉ መልሳ ታስተኛለች፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያስቀመጠችውን ምግብ አሙቃ ታበላለች፤ ማምሻውን ተመልሰው ይገባሉ። እናቷ የምሽቱን መብራት ማየት የቻለችው ቀትር ላይ ጋደም ስላለች ነው። ርቆ ያረፈ ቤተሰብ ይህንን ማድረግ ስለማይመቸው የደከመ ልጅ እየጎተተ እስከ ማታ ይዞራል፤ አለዚያም በጊዜ ይወጣል።

ጣና የመዝናኛ ፓርክ አይደለም። ገዳማቱ የጸሎት ቦታ ናቸው፤ ሐይቁም የዓሣ አጥማጁና የደንገል ታንኳ ቀዛፊው መተዳደሪያ ነው። የሕፃን እግር ግን የትም ይደክማል፤ የአያት ጉልበትም እንዲሁ። በዚያ ላይ ጣና ማለዳን ይፈልጋል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ያይላል፤ ልጅ የያዘች እናት ያን ጊዜ ጀልባ ላይ መሆን አትወድም። ዘጌ ለመድረስ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደቅ ደሴት ላይ ያለችው፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ግን መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ጢስ ዓባይ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። እንግዲህ ማታ ደርሶ አንድ ሌሊት ያደረ ቤተሰብ ያለችው አንዲት ማለዳ ናት። ዘጌን ከመረጠ ፏፏቴውን በጥድፊያ ያያል ወይም ይተወዋል። በዘጌው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አባት ለልጁ አንድ በአንድ ሊያስረዳ ሲጀምር ጀልባ ነጂው ሰዓቱን ያያል።

ክብራን ገብርኤል የተባለው የደሴት ገዳም ሴት አይገባበትም። ከእርሱ ጎረቤት ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችንም ትቀበላለች። አንዲት ማለዳ ብቻ ያለው ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ ከመጠባበቅ ይልቅ ሁለቱንም ያልፋቸዋል። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝና ይህ ያሳዝነኛል። ሁለተኛ ማለዳ ቢኖር አባትና ወንዶቹ ልጆች ወደ ክብራን ሲሄዱ እናትና ሴቶቹ እንጦስ ይቆያሉ፤ ማንም አይቸኩልም። ሁለተኛ ማለዳ እንዲኖር ደግሞ ሁለተኛ ሌሊት ያስፈልጋል፤ ስድስት ሰው ሦስት ክፍል ይዞ ሁለተኛ ሌሊት ማደር የሚችለው ገንዘብ ያለው ብቻ ነው።

ለባለቤቱ ከሁሉ በላይ ያነሣሁላቸው የወቅቱን ነገር ነው። የውጭ አገር ጎብኚ በብዛት የሚመጣው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በክረምት ክፍሎቻችን ባዶ ይሆናሉ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ግን ያን ጊዜ ነው። ጢስ ዓባይም ሞልቶ የሚወርደው ከነሐሴ ወዲህ ነው፤ በበጋ አብዛኛው ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ፏፏቴው ይሳሳል። በነሐሴ መጀመሪያም የፍልሰታ ጾም ስላለ ወደ ገዳማቱ የሚመጣው ምእመን ብዙ ነው። የእኛ ሰው የሚመጣበት ጊዜ ሆቴሉ የሚራብበት ጊዜ ነው፤ የሁለቱ አለመገናኘት የክፍል አሠራር ጉዳይ ነው እላለሁ።

በርግጥ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ ክልላችን የገባበት ሁኔታ የቤተሰብን ጉዞ ክፉኛ አቀዝቅዞታል። ልጆቹን ይዞ በመኪና ለመውጣት የሚፈራ አባት አይፈረድበትም። ፎቅ የሚሠራው ግን ለዘንድሮ ብቻ አይደለም።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይኑር ለሚለው ከመቀበያው ጠረጴዛ የተማርኩት ይበቃኛል። በእኩለ ሌሊት ጡጦ ይዛ ደረጃ የምትወርድ እናት የምትፈልገው የፈላ ውኃ ነው። ስለዚህ የውኃ ማፍያና ትንሽ ማቀዝቀዣ በየክፍሉ ይኑር። ምድጃ ክፍል ውስጥ አይግባ፤ ለአደጋም ለሽታም አይሆንም። ይልቁንስ ምድር ቤት አንድ የጋራ ማብሰያ ቤት ይሠራ። አገልግል ይዞ የመጣ ወጡን ያሙቅበት፤ ጠዋት ከዓሣ አጥማጆቹ ቀረሶ የገዛም ይጥበስበት። ብዙ ልጅ ላለው ሰው የሦስት ጊዜ የምግብ ቤት ሂሳብ ከአልጋው ይብሳል። የምግብ ቤታችን ኃላፊ በዚህ አልተስማማም፤ ገቢው እንደሚቀንስበት ይፈራል። ሁለተኛ ሌሊት ያደረ ቤተሰብ ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ ወርዶ ዓሣ ጉላሽ ማዘዙ አይቀርም።

ያ የኦርላንዶ የማለዳ ሰልፍ እኛም ዘንድ እንዳይመጣ ከወዲሁ ይታሰብበት። ቤተሰቦች ሁሉ ቁርስ በልተው በተመሳሳይ ሰዓት ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ከወረዱ የዘጌ ጠባብ የእግር መንገድ፣ ያ በቡና ዛፍ ሥር የሚያልፈው፣ ሰው ለሰው የሚገፋፋበት ይሆናል፤ የመነኮሳቱም ጸጥታ ይታወካል። ማታ እንግዳ ሲመዘገብ ነገ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀን ከጀልባ ነጂዎቹ ጋር መነሻ ሰዓቱን ብንከፋፍለው ይቻላል። ይህንን እኔ ራሴ ልይዘው ፈቃደኛ ነኝ።

የሚብሰው ሥጋት ፍሳሹ ነው። የጣናን አካባቢ ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል፤ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ግን አሁንም አልለቀቀውም። እምቦጭ የሚፋፋው ውኃ ውስጥ በሚገባ ፍሳሽና ከማሳ ታጥቦ በሚወርድ አፈርና ማዳበሪያ ነው። ሰው በበዛ ቁጥር ገላ መታጠቢያው፣ ልብስ ማጠቢያውና መጸዳጃው ይበዛል። በቂ የፍሳሽ ማጣሪያ ሳይሠራ እንግዳ መጨመር እንግዳው ሊያየው የመጣውን ሐይቅ መግደል ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ለክፍሉ ያቀረብኩት ዋጋ የአንድ መደበኛ ክፍል ዋጋና ግማሽ ነው። ሦስት ክፍል ሊይዝ የነበረው ሰው በግማሹ ያርፋል፤ ሆቴሉም ባዶ ሊያድር ከነበረ ፎቅ ገቢ ያገኛል። ባለቤቱ ሊያስቡበት ወስደውታል። መሐንዲሱ ግን ሥዕሉን በዚህ ወር ይጨርሳል። መታጠቢያውና መጸዳጃው ይለያዩ፣ ለፎቁም የራሱ ሮቶ ይቀመጥ የሚለው ከዚያ በፊት ካልገባ፣ ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ ማንም አይነካውም። ሰኞ ጠዋት ፈረቃዬ ከመጀመሩ በፊት ቢሮው ሄጄ አነጋግረዋለሁ።